ድንገት ለሚነሳ ግፊት ሆርሞንም ይመርመር

እህቴ፣ እናትሽ 3 ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ እንዳለ ጽፈሻል። ድንገት ሲነሳባቸው ያልባቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፤ «ጭንቀት ነው» ተብለዋል። ሆርሞን ግፊት ያመጣል ወይ ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ያመጣል። እኔ አልፌበታለሁ።

ማንም ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በኃይል ይመታል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። ድንጋጤው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ላይ ግን አንዱ ዕጢ ላይ እብጠት በቅሎ፣ ምንም ሳያስደነግጠኝ ይኸንኑ ሆርሞን ይለቅብኝ ነበር። ሐኪሞች ፊዮክሮሞሳይቶማ ይሉታል። አብዛኛው የግፊት ሕመምተኛ ይህ የለበትም፤ እናትሽም ላይኖርባቸው ይችላል። ግን መታየት አለበት።

ጎንበስ ስል ወይም ከባድ ዕቃ ሳነሳ ይጀምረኛል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ በላብ እጠመቃለሁ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል፣ ፊቴ ይገረጣል። ክሊኒክ እስክደርስ ግን ግፊቱ ወርዶ ይገኛል። ጭንቀት የሚመስለው ለዚህ ነው። ጭንቀትም እኮ አለ! እንዲህ እየሆነ የማይጨነቅ ማን ነው? ስለዚህ ቤት መለኪያ ካላችሁ ሲነሳባቸው ለኩ። ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና የተሰማቸውን ጻፉ። እኔን የረዳኝ ያ ወረቀት ነው።

ከዚያ የውስጥ ደዌ ወይም የሆርሞን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ የሜታኔፍሪን (አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ሰውነት ውስጥ ሲለወጡ የሚወጣው ነገር) ምርመራ ጠይቁ። በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ይሠራል። ከፍ ካለ ሲቲ ስካን ይከተላል። እብጠት ከተገኘ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያ በፊት ግን እንደ ዶክሳዞሲን ያለ የደም ሥር የሚያላላ መድኃኒት ለ1 ወይም 2 ሳምንት ይወሰዳል። ይህ እንዳይዘለል! ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ቀድሞ ብቻውን ከተጀመረ ግፊቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ሌላም ልጠይቅሽ። እናትሽ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? እነዚህ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ሥራ ይሠራሉ፤ ሲበዙ ግፊት ይጨምራሉ። ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን ድንገት እንዳታቋርጡ፤ የግፊቱንም መድኃኒት እንደዚያው።

እናትሽን ይማርልሽ። ውጤቱ ሲደርስ እዚሁ ጻፊልኝ።