ለጴጥሮስ የተገለጠለትና ጴጥሮስ ያየው

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለአንድ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የንባብ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰሞኑን ሁለት ነገር አላላውስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ራሱን ለሰው የማሳወቁን ነገር እኔ «መገለጥ» ብዬ ስጽፍ አራሚዬ እየሰረዙ «ራእይ» ያደርጉታል፤ ሌላው ባልደረባችን ደግሞ «ግልጠት» ካላልን ይለናል። ሁለተኛው የአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ጣጣ ነው። በ1566 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የስዊዘርላንድ ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት የእምነት መግለጫ ውስጥ ያለችውን የላቲን ርእስ «የእግዚአብሔር ቃል ስብከት የእግዚአብሔር ቃል ነው» ብዬ ተርጉሜ ነበር። አራሚዬ «ስብከት እንዴት አድርጎ የእግዚአብሔር ቃል ይሆናል? ስብከት የሰው ንግግር አይደለም ወይ?» ብለው መለሱልኝ። ከማናችን ጋር ይስማማሉ?

መልስ፦ በመጀመሪያው እርስዎ ልክ ነዎት። በሁለተኛው ግን አራሚዎ የቃሉን ትርጉም ቢስቱም አንድ እንከን አሽትተዋል፤ እሱ ላይ እንደርሳለን።

ከወጥ ቤት እንነሣ። «ድስቱን ገለጥ አድርጊና እዪው» ስንል ወጡ አስቀድሞ በድስቱ ውስጥ አለ። ክዳኑን ያነሣው ሰው ወጡን አልሠራውም፤ ተሸፍኖ የነበረውን እንዲታይ አደረገ እንጂ። ብርድ ልብስ ይገለጣል፣ የተከናነበች ሴት ፊቷን ትገልጣለች፣ የመጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። «መጽሐፋችሁን ግለጡ» ያለ መምህር በገጹ ላይ ምንም አልጨመረም። የግሪኩ «አፖካሊፕሲስ» ከ«መሸፈን» ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መሸፈኛን ማንሣት ነው፤ የላቲኑ «ሬቬላቲዮ»ም መጋረጃን ከመግለጥ ይመጣል። ስለዚህ «ገለጠ» ለዚህ ነገር በግድ የተፈለገ ቃል አይደለም። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ክዳኑ አንድ ነው።

ግእዝ ለዚሁ ነገር «ከሠተ» የሚል ጥሩ ግሥ ነበረው። ከእርሱ የወጣው «ክሥተት» ዛሬ በጋዜጣችን «ክስተት» ሆኖ ድርቁንም፣ ጎርፉንም፣ የእግር ኳስ ውጤቱንም ይሸከማል። መልሰን ለነገረ መለኮት እንዋሰው ብንል አንባቢ ዜና ይመስለዋል። ይቅር።

«ራእይ» ሌላ ነው። ሥሩ «ርእየ»፣ አየ ማለት ነው። (በዚሁ ልጠቁምዎ፤ አራሚዎ «ራዕይ» ብለው በዐይኑ «ዕ» ጽፈው ከሆነ ያንንም ያርሙት። «ርእየ» በአልፉ «እ» ነው፤ «ርእዮተ ዓለም»ም እንዲሁ። «ዐይን» በ«ዐ» ስለሚጻፍ ማየትም በ«ዐ» ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ስሕተቱ እንደ አረም ተስፋፍቷል።) ራእይ ለማየት የሚመጣ ነገር ነው፤ በእንቅልፍም ሆነ በንቃት፣ በዐይን ፊት የሚቆም ምስል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ «ራእይ» እና «ተልእኮ» ጎን ለጎን በመስታወት ተሰቅለው ስለምናይ ቃሉ ወደ ዕቅድ ተጠግቷል፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

አራሚዎን ያሳታቸው የመጨረሻው የአዲስ ኪዳን መጽሐፍ ስም ይመስለኛል። ግሪኩ «አፖካሊፕሲስ» የሚለውን መጽሐፍ እኛ «የዮሐንስ ራእይ» እንለዋለን፤ ስለዚህ «አፖካሊፕሲስ ማለት ራእይ ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ስሙ ግን የተሰጠው ዮሐንስ ካያቸው ነገሮች አንጻር ነው፤ ከመቅረዞቹ፣ ከማኅተሞቹ፣ ከአውሬው። የቀድሞ ሊቃውንት የግሪኩን ቃል ሳይተረጉሙ «አቡቀለምሲስ» ብለው ይጠሩት ነበር። ቃሉ በዐረብኛ በኩል ሲያልፍ «አቡ» የሚል መነሻ ስለያዘ የአንድ አባት ስም ይመስላል፤ «አቡቀለምሲስ የሚባሉት አባት ማን ናቸው?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልቀረም። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቁጥር በ1954 ዓ.ም. ትርጉም ቢገልጡ ደግሞ «እግዚአብሔር ለኢየሱስ ክርስቶስ የሰጠው በእርሱም የተገለጠው ይህ ነው» ይላል። ርእሱ «ራእይ»፣ ቁጥሩ «የተገለጠው»። ተርጓሚዎቹ ሁለቱን ያውቁ ነበር።

ልዩነቱን ከጴጥሮስ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። በማቴዎስ 16 ላይ ጌታ «እኔን ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ጴጥሮስ ይመልሳል፤ ከዚያ «በሰማያት ያለው አባቴ እንጂ ሥጋና ደም ይህን አልገለጠልህምና ብፁዕ ነህ» ይባላል። ጴጥሮስ በዚያች ሰዓት ምን አየ? ምንም። በፊሊጶስ ቂሣርያ አገር፣ ከሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ጋር፣ ሁሉም የሚያየውን ሰው ነው የሚያየው። የተገለጠለት ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። በሐዋርያት ሥራ 10 ላይ ግን ያው ጴጥሮስ በኢዮጴ በሰገነት ላይ ሳለ ትልቅ ሸማ የመሰለ ዕቃ ከሰማይ ሲወርድ ያያል፤ በውስጡም እንስሳትና አራዊት። ይህ ራእይ ነው፣ መጽሐፉም ራእይ ይለዋል። ቀጥሎ ምን ሆነ? ጴጥሮስ ያየው ራእይ ምን እንደሚሆን በልቡ ያመነታ ጀመር። አይቷል፣ ገና አልገባውም። የገባው ከአሕዛብ ወገን ወደ ሆነው መቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ ሳያዩ ይገለጥልናል፤ አይተንም ሳይገለጥልን ይቀራል። በአራሚዎ እርማት የማቴዎሱን ጥቅስ የሚያብራራ ገጽ «ለጴጥሮስ ራእይ ታየው» ሊል ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

«ግልጠት» የሚለው ባልደረባዎ አሠራሩን አልሳተም፤ እንደ «ስብከት»፣ እንደ «ግድፈት» ያለ ቅርጽ ነው፣ አንዳንድ ጸሐፊዎችም ይጠቀሙበታል። እኔ የማልወድደው አንባቢ በአፉ ስለማይለው ነው። ቃሉ እንደ አዲስ ጫማ ይጠብቃል።

«ተገለጸ»ስ? «ምሥጢር ተገለጸለት» በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የቆየ አነጋገር ነው፤ ስሕተት የሚለው ካለ ጆሮ አይስጡት። «ጸ» በአማርኛ አፍ «ጠ» የመሆኑ ነገር የታወቀ ነው፤ ጸሎት ጠሎት፣ ጻፈ ጣፈ ይባላል። ነገር ግን አሁን ሁለቱ መንገድ ለይተዋል። ክዳንና ገጽ ይገለጣል፣ ሐሳብ ይገለጻል። «ኃላፊው ገለጹ»፣ «መግለጫ ሰጡ» በየቀኑ ስለምንሰማ «እግዚአብሔር ራሱን ገለጸ» ሲባል ስለ ራሱ ማብራሪያ የሰጠ ይመስላል። በትርጉም ሥራዎ ውስጥ «ጠ»ን ይያዙ።

ቃሉን ከመረጡ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ባለ ጥቅሙንም በሆዱ ይይዛል። «ገለጠልን» ሲል ማን እንደ ገለጠ አለ፣ ለማን እንደ ገለጠም አለ። «አልገለጠልህም» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ገላጩም፣ የተነፈገውም፣ «ለ»ም አሉ። «መገለጥ» የሚለው ስም ግን እነዚህን ሁሉ ያራግፋል። ገላጩ ጠፋ፣ ተቀባዩ ጠፋ፣ የቀረው እንደ ዕቃ የሚያዝ ነገር ነው። «መገለጥ አለኝ»፣ «ከእርሱ የሚበልጥ መገለጥ አለኝ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ለመንቀፍ ብዕሬን ሳነሣ 1ኛ ቆሮንቶስ 14 ትዝ አለኝ፦ «ለእያንዳንዱ መዝሙር አለው፥ ትምህርት አለው፥ መግለጥ አለው»። እንግዲህ «አለው» ማለት ነውር አይደለም፤ ጳውሎስም ብሎታል። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ «መገለጥ» ሳይሆን «መግለጥ» ነው የሚለው። «መግለጥ» ሠሪ ይፈልጋል፣ «መገለጥ» ግን በተደራጊነቱ ሠሪውን ደብቆ ያልፋል። ስለዚህ በርእስ ላይ «መለኮታዊ መገለጥ» ብለው ይጻፉ፤ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ሲገቡ ግን «የእግዚአብሔር መገለጥ ለሰው ልጅ በክርስቶስ ተፈጸመ» ከማለት «እግዚአብሔር በክርስቶስ ራሱን ለሰው ገለጠ» ይበሉ። አጥሯልም፣ አማርኛም ሆኗል።

አሁን ስብከት። አራሚዎ «ስብከት የሰው ንግግር ነው» ሲሉ በዛሬው ጆሮ እየሰሙ ነው። ዛሬ ሻጭ ሰብኮ ያስገዛል፣ ጓደኛ ሰብኮ ያስከትላል፣ ምክር የሰለቸው ልጅ «አትስበኪኝ» ይላል። ቃሉ ወደ ማባበልና ወደ ማሳመን አዘንብሏል። በግእዝ ግን «ሰበከ» ማወጅ ነው። ምስክሩ በየቅዳሴው አለ። ከወንጌሉ ንባብ አስቀድሞ ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት መርጦ የሚያሰማው፣ ሕዝቡም የሚቀበለው ጥቅስ «ምስባክ» ይባላል። ማብራሪያ የለውም፣ ምሳሌ የለውም፣ ማባበልም የለውም። ከፍ ተደርጎ ይነገራል፤ በቃ። ሌላው ምስክር ታኅሣሥ 7 የሚገባው ዘመነ ስብከት ነው። በዚያ ሳምንት የሚታሰቡት ሰባኪዎች ነቢያት ናቸው፤ ክርስቶስ ይመጣል ብለው ያወጁት። የተገለጠላቸውን ነው የሰበኩት፤ በአንድ ሳምንት ስም ውስጥ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ይገናኛሉ።

በሉቃስ 4 ላይ ደግሞ ጌታ በናዝሬት ምኩራብ ከኢሳይያስ ሲያነብ «ለታሰሩትም መፈታትን ለዕውሮችም ማየትን እሰብክ ዘንድ» ይላል። መፈታት ይሰበካል! ስለ መፈታት ጥቅም ንግግር ይደረጋል ማለት አይደለም። የወህኒውን በር ከፍቶ «ተፈታችኋል» የሚል ሰው ንግግር አላደረገም፣ አወጀ። «ዐዋጅ» ራሱ ግሩም ቃል ነው። ወላዲ ወላጅ፣ ፈራዲ ፈራጅ እንደ ሆነ ሁሉ የግእዙ «ዐዋዲ» ዐዋጅ ሆነ፤ ዐዋዲ ግን እየዞረ የሚናገረው ሰው ነበር። ሰውየው ተረሳና መልእክቱ ስሙን ወሰደ። ለሰባኪ ከዚህ የተሻለ ዕጣ አላውቅም።

ይህን ይዘን ወደ ላቲኗ ዐረፍተ ነገር እንመለስ። መግለጫውን ያዘጋጀው የዙሪኩ ሄንሪክ ቡሊንገር ነው፣ ዐረፍተ ነገሯም በመጀመሪያው ምዕራፍ በኅዳግ የተጻፈች ርእስ ናት። ከሥሯ ያለው ሐተታ በአግባቡ የተጠሩ ሰባኪዎች በቤተ ክርስቲያን ቃሉን ሲሰብኩ የሚታወጀው ራሱ የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሆነ፣ ሰባኪው ክፉና ኃጢአተኛ ቢሆን እንኳ ቃሉ እውነተኛነቱ እንደማይጎድል ይናገራል። ነገሩ ስለ ድርጊቱ ነው።

የእርስዎ «የእግዚአብሔር ቃል ስብከት» ግን ድርጊቱን አያሳይም። አራሚዎ ያሸተቱት እንከን ይህ ነው። ሁለት «የ» ተደራርበው አንባቢው ሦስት ነገር ሊረዳ ይችላል፦ ስለ እግዚአብሔር ቃል የተደረገ ስብከት፣ ከእግዚአብሔር ቃል የተወሰደ ስብከት፣ ቃሉን የመስበክ ሥራ። በዚያ ላይ «ስብከት» ዛሬ በስልክ ተቀድቶ የሚላክ፣ «ረዘመ» «አጠረ» የሚባል ዕቃ ሆኗል፤ ያ ሁሉ፣ ከነቀልዱና ከነማስታወቂያው፣ የእግዚአብሔር ቃል ነው የተባለ ይመስላል። አራሚዎ ቢደነግጡ አልፈርድባቸውም።

ስሙን ትተው ግሡን ይያዙ፦ «የእግዚአብሔር ቃል ሲሰበክ ያው የእግዚአብሔር ቃል ነው።» ሥራውን የምትሠራው «ያው» ናት። የተሰበከው ከተጻፈው ሌላ አይደለም፣ አልተለወጠም ትላለች። «ያው ነው» በንግግር የመሰልቸት ድምፅ እንዳላት አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ከ«ሲሰበክ» ጋር ስለተጎራበተች አታስቸግርም። «የተሰበከው» አይበሉ፤ እሱ አልቆ የተቀመጠ ነገር ነው። «ሲሰበክ» ገና እየሆነ ነው።

ምናልባት ወደ ስዊዘርላንዳዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ወደ ካርል ባርት ጽሑፍ ሲደርሱ ይህ ይጠቅምዎታል። ባርት በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የዶግማቲክስ ሥራው የመጀመሪያ ክፍል የእግዚአብሔርን ቃል በሦስት መልክ ያስቀምጠዋል፦ የተሰበከ፣ የተጻፈ፣ የተገለጠ። በአማርኛ ሦስቱም በ«የተ» ተሰልፈው ሲቆሙ ያምራሉ። በሦስተኛው ቦታ የአራሚዎን ምርጫ ያስገቡና ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፦ የተሰበከ፣ የተጻፈ፣ የታየ።