የብልሽት ሪፖርት ለምትጽፉ ወጣት ቴክኒሻኖች

ውድ ወጣቶች፤

«ፓምፑ አልሠራ ብሏል፤ ሞተሩ ሳይቃጠል አይቀርም» የሚል ሪፖርት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። የፊተኛው ምንም አይነግርም፤ የኋለኛው ግምት ነው። ግምት ደግሞ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ግዢ ክፍል ሲደርስ እንደ እውነት ይቆጠራል። ደህናው ሞተር ከጉድጓድ ይወጣል፤ ጥፋቱ ግን እላይ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለያይታችሁ ጻፉ። ያያችሁትን እንዲህ፦ «ፓምፑ ተነስቶ 20 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ኦቨርሎዱ (ከረንት ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ) ይቆርጣል። እየሠራ በሦስቱ ፌዞች (የኃይል መስመሮች) የተለካው ከረንት 13፣ 14 እና 19 አምፔር፤ የሞተሩ ሰሌዳ የሚለው 15።» ይህን ያነበበ ኢንጂነር ጣቢያው ድረስ ሳይመጣ አንዱ ፌዝ ብቻ ከልክ በላይ እንደሚስብ ያውቃል። ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ፣ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው ወይስ ከሞተሩ?

ሳትጠየቁ መልሱለት። ኃይሉን ቆርጣችሁ፣ መቋረጡን በቴስተር አረጋግጣችሁ፣ ሦስቱን የሞተር ሽቦዎች ሳትፈቱ በፊት በቴፕ ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ አንደኛውን ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ወደ አንደኛው ቦታ አዛውሩ። ሁለቱን ብቻ ካቀያየራችሁ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል። እንደገና ለኩ። 19ኙ አምፔር ከሞተሩ ሽቦ ጋር አብሮ ከተዛወረ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከኬብሉ ነው፤ በመስመሩ ፌዝ ላይ ከቀረ ኮንታክተሩን (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ)፣ ፊውዙንና የላሉ ብሎኖችን ፈትሹ። የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ካልተጻፈ ግን ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው። እባካችሁ፣ የኦቨርሎዱን መቁረጫ ልክ ከፍ አድርጋችሁ ፓምፑን አታስነሱ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በእርግጥ ይቃጠላል።

ቮልቴጅ ስትጽፉ ፓምፑ ቆሞ ይሁን እየሠራ የተለካ ግለጹ። የላላ ማሰሪያ ጭነት በሌለበት ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣበት ይወርዳል።

ሰዓትም አለ። ኦፕሬተሩ «8፡20 ላይ ቆመ» ይላል፤ መቆጣጠሪያው 14፡20 ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱም አንድ ሰዓት ናቸው፤ የማያውቅ አንባቢ ግን ሁለት ብልሽት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ከቀኑ 8፡20፣ በመቆጣጠሪያው 14፡20» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ይለይ።

ከመላካችሁ በፊት ጣቢያውን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባ አስነብቡትና «አሁን ብትላክ ምን ዕቃ ይዘህ ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሁሉንም» ብሎ ከመለሰላችሁ ያልጻፋችሁት ልኬት አለ፤ ተመልሳችሁ ለኩ።