ለዲኤክስህ ኮፓ ስትመርጥ መጀመሪያ ዘይቱ ወዴት እንደሚሸሽ አስብ

ሰላም ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍከውን ጥያቄ አየሁት። የዲኤክስህን፣ ማለትም በኋላ ጎማ የሚነዳውን የድሮ ቶዮታ ኮሮላህን፣ 4ኬ ሞተር አውርደህ በፊት ጎማ ከሚነዳ ኮሮላ የወጣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ልትገጥም ነው። መኪናው ለ400 ሜትር የቀጥታ ውድድር ነው። ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር የሚታሰረው የዘይት መያዣ፣ ደግሞ ሞተሩ የሚያርፍበት ተሸካሚ ብረት ላይ እየተቀመጠ አልገባ ብሎሃል። ጓደኞችህ «ቀጥቅጠው ይገባል» እያሉህ ነው። እኔ እዚህ ባሕር ዳር ይህንኑ ሥራ ሠርቼ አንድ ሞተር አጥቼበታለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እባክህ እንዳትቀጠቅጠው።

ችግሩ ቦታ ብቻ አይደለም። ያ ሞተር ኮሮላው ላይ በአግድም ነው የተኛው፣ ካምቢዮው ከጎኑ ነው። ዲኤክስ ላይ ግን በቁመት ይገባል፣ ካምቢዮው ከኋላው ይሆናል። ኮሮላው ሲነሳ ዘይቱ የሚደፋው ወደ ሞተሩ ጎን ነበር፣ ያንተ መኪና ሲነሳ ግን ዘይቱ በሞተሩ ርዝመት ሄዶ ካምቢዮው በኩል ይከማቻል። የ4ኤ የዘይት ፓምፕ ያለው ደግሞ ከፊት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) አፍንጫ ላይ ነው። መምጠጫ ቧንቧው ከዚያ ተነስቶ ዘይቱ ወዳለበት መድረስ አለበት። ዘይቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቧንቧው ፊት ላይ ከቀረ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው።

ይህን በቁጥር ላሳይህ። ከ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ዘይቱን 6 ዲግሪ እንኳ አያጋድለውም። ከቆምክበት በመሬት ስበት ግማሽ በሚሆን ጉልበት ብትነሳ ግን 27 ዲግሪ ገደማ ያጋድላል። ጥሩ ጎማ አስረህ ከመሬት ስበት እኩል ከተነሳህ 45 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ «የደጀንን ዳገት ወጥቼ የዘይት መብራቱ አልበራም» ማለት ለውድድር ማረጋገጫ አይሆንም። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነው። አባይ በረሃን ወጥቼ ደጀን ስደርስ ሞተሩ ጸጥ ያለ ነበር፣ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

የኔን ኮፓ አንድ ጋራዥ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ ከሥሩ ላሜራ በየደበት። ቧንቧውንም በእጅ አጠፍ አድርጎ መለሰው። በኃይል ስነሳ የዘይት መብራቱ ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። ሽቦ ነው ብዬ ሴንሰር ቀየርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ከሥር ቀጭን ኳኳታ ጀመረ፣ ጋዝ ስትለቅለት የሚብስ ዓይነት። ኮፓውን ስናወርደው ዘይቱ በፀሐይ እንደ ጥለት ያብለጨልጫል፣ የብረት ብናኝ ነው። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘውን ክንድ (የቢየላውን) ብሮንዝ ስናወጣ ግራጫው ሽፋን ተበልቶ መዳብ የመሰለው ሥሩ ወጥቷል። ክራንክ ሻፍቱም ተጭሮ ነበር። ለአንድ ሰከንድ መብራት ይህን ሁሉ ከፈልኩ። አንተ መብራቱ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ካለብህ ወዲያው አጥፋ፣ ሽቦውን ከዚያ በኋላ ትፈትሻለህ።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ መፈለግ ያለብህ በኋላ ጎማ ከሚነዳ መኪና የወጣ የ4ኤ ኮፓ ነው። ቶዮታ ከ1983 እስከ 1987 በሠራው፣ ኤኢ86 በተባለው በኋላ ጎማ የሚነዳ ኮሮላ ላይ የ4ኤ ቤተሰብ ሞተር በቁመት ነው የተገጠመው። ኮፓው ብቻውን ግን አይበቃም፣ መምጠጫ ቧንቧውንና የዘይት መለኪያ ዘንጉን አብረህ ግዛ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስማንቴሎ (ከተፈታ መኪና የወጣ ዕቃ) የሚሸጡትን ስትጠይቅ «ሦስቱንም አንድ ላይ» በላቸው። ስታገኝ ጋስኬቱን ሞተርህ ላይ አስቀምጠህ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ አመሳክር፣ ከዚያ ገንዘብህን አውጣ።

ካጣህ አሠራው፣ ግን በልክ። ባዶውን ሞተር መኪናው ውስጥ አስቀምጥና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙር፣ የመሪ ዘንጉ የሚያልፍበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርግ። ሞተር በጎማ ሱፖርቱ ላይ ስለሚወዛወዝ በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተው። ጥልቁን ክፍል ወደ ኋላ፣ ካምቢዮው በኩል አድርገው። ከተሸካሚው ብረት በላይ የሚያልፈው የፊት ክፍል ቀጭን ይሁን፣ ግን ክራንክ ሻፍቱንና ቢየላውን እንዳይነካ በእጅህ እያዞርክ እይ። በማሳጠር ያጣኸውን የዘይት ቦታ ኮፓውን በጎን እንደ ክንፍ አስፍተህ መልሰው። ወደ ታች ግን አታስረዝመው። የኛ ከተሞች የፍጥነት ጉብታ ቡሬም ዳንግላም ብትሄድ ዝቅ ላለ ኮፓ አይራራም። በዚሁ ምክንያት ከአሉሚኒየም ይልቅ ላሜራ እመርጣለሁ፣ አሉሚኒየም ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ላሜራ ይጎደጉዳል እንጂ ቤትህ ያደርስሃል።

ውስጡ ደግሞ ከጥልቁ ክፍል በፊት በኩል ማገጃ ላሜራ አስበይድ። 400 ሜትሩን ጨርሰህ ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ በአንዴ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ያን ጊዜ የሚያስቀርልህ እሱ ነው።

በጣም የምለምንህ ቧንቧው ላይ ነው። ከመምጠጫው አፍ እስከ ኮፓው ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይኑር። ከዚያ ካነሰ ዘይቱ ይታነቃል፣ ከበዛ አየር ይስባል። ለመለካት እኔ የስንዴ ሊጥ ነው የምጠቀመው። ድቡልቡል አድርገህ በቀጭን ፌስታል ጠቅልለህ የኮፓው ወለል ላይ አኑር፣ ኮፓውን ከነጋስኬቱ በሁለት በሦስት ቡሎን ያዘው፣ መልሰህ አውርደህ የተጨፈለቀውን ውፍረት ለካ። ሊጡ አንድም ፍርፋሪ ውስጥ እንዳይቀር። ቧንቧውን ካስረዘምክ መሃሉ ላይ ወደ ሞተሩ የሚያስር ደጋፊ ይኑረው፣ አለዚያ በንዝረት ይሰነጠቃል። ፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬትም አዲስ ይሁን፣ እዚያ አየር ከገባ የኮፓው ሥራ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ብየዳው ሲያልቅ ኮፓውን ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀምጥና ነጭ ጋዝ ሞልተህ አሳድረው። ውሃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ያልፍበታል፣ ጠዋት ካርቶኑ ይነግርሃል። የድሮው መለኪያ ዘንግ ለአዲሱ ኮፓ ስለማይሠራ የዘይቱን መጠን በሊትር እየለካህ ጨምርና አዲስ ምልክት አድርግበት። አብዝተህ እንዳትሞላ፣ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን ከደረሰበት እንደ አረፋ ይመታዋል።

መጀመሪያ ስታስነሳው ካንዴላዎቹን ፍታ፣ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝም አውጣ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አዙረው። ኮፓውን ከመዝጋትህ በፊት ግን ከሥር አንድ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን፣ የቧንቧውን ቦታ አብረን እናየዋለን።