የማሳችሁ ተዳፋት ስንት ፐርሰንት ነው? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

እርከን ስቀይስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ዛሬ ማታ ስለ ተዳፋት ልኬት የመጣላችሁን ጠይቁ። ዲግሪና ፐርሰንት አደባልቆ የሚመጣ ግን ከወዲሁ ይጠንቀቅ።

ጀማሪ ዲኤ፦ ጋሼ፣ አዲስ ተመዳቢ የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነኝ። ሲባጎና ውሃ ልክ ሰጡኝ። ኮሌጅ በወረቀት ነበር የተማርነው፣ ማሳ ላይ እንዴት ነው?

መልስ፦ እሰይ! ይህችን ነበር የምጠብቀው። በሳንቲሜትር ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ዘንጎች ያዝ። በመሃላቸው 10 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ ይኑር። ውሃ ልኳን 5ኛው ሜትር ላይ አንጠልጥላት። ልክ መሃሉ ላይ! ሲባጎ የቱንም ያህል ብትወጥረው ትንሽ መርገቡ አይቀርም፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሲሆኑ አግድም የሚተኛው መሃሉ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለች አረፋዋ ትዋሻለች። አሁን አንድ ሰው ላይ፣ አንዱ ታች ይቁም፣ ውሃ በሚወርድበት መስመር። የላይኛው ሲባጎውን 20 ሳንቲ ላይ ይያዝ። የታችኛው አረፋዋ መሃል እስክትገባ ከፍ ዝቅ ያድርግ። 1 ሜትር ከ40 ላይ ቆመ እንበል። ልዩነቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። 1.20ን ለ10 አካፍል፣ በ100 አባዛ፦ 12 ፐርሰንት። አለቀ። መሬቱ ገደላማ ሆኖ ዘንጉ ካጠረህ ሲባጎውን 5 ሜትር አድርግና ለ5 አካፍል። ደግሞ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ውሃ ልኳን አዙረህ ስቀላት። አረፋዋ ሌላ ቦታ ከቆመች ጣላት፣ አታሳዝንህ።

ሰላም፦ ከ100 ፐርሰንት በላይ ተዳፋት አለ? 100 ማለት ግድግዳ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። 100 ፐርሰንት 45 ዲግሪ ነው፤ አግድም 10 ሜትር ስትሄጂ 10 ሜትር ትወርጃለሽ። ከዚያ በላይም አለ። ግድግዳ ፐርሰንት የለውም፣ አግድም ርቀቱ ዜሮ ነው፣ ለዜሮ አካፍዪ እስቲ።

የጎጃሙ፦ እኛ ጋ ዝናቡ ብዙ ነው፣ እርከኑ ውሃ ያቁርና ይፈርሳል። ትንሽ ዘንበል ቢልስ?

መልስ፦ ዘንበል ይበል እንጂ። በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ዝቅ ስታደርገው ግማሽ ፐርሰንት ነው። ከ1 ፐርሰንት አትለፍ፣ ቦዩ ራሱ ይሸረሸርብሃል። ውሃው የሚያርፍበት ሳር የለበሰ መውረጃም ቀድሞ ይዘጋጅ፣ አለዚያ የጎረቤትህ ማሳ ላይ ነው የምትለቀው። በእርከኖች መካከል ያለው ርቀትም ከተዳፋቱ ይወጣል። የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከፈለግክ 10 ፐርሰንት ላይ በየ10 ሜትሩ፣ 20 ፐርሰንት ላይ በየ5 ሜትሩ።

ቤት ሠሪው፦ የሽንት ቤት ቱቦስ ስንት ይዘንብል?

መልስ፦ በሜትር 2 ሳንቲ። ቀሪውን ቧንቧ ሠራተኛህን ጠይቅ።

ደረጀ ከወሎ፦ ሲባጎ ምን ያደርጋል፣ ኤ ፍሬም እያለ? በኤ (A) ፊደል ቅርጽ የተገጠሙ ሦስት እንጨቶችና ቱንቢ ይበቃሉ። ብቻህን ትሠራለህ።

ጀማሪ ዲኤ፦ ንፋስ ሲኖር ግን ቱንቢው እንደ ዥዋዥዌ ነው።

ደረጀ ከወሎ፦ ንፋስማ ሲባጎውንም ያወዛውዘዋል ወንድሜ።

ኮንሶዬ፦ አባቶቻችን ውሃ ልክ የት አይተው ነው? የኮንሶን እርከን ዩኔስኮ በ2003 የመዘገበው በዓይንና በእጅ የተሠራ ነው።

መልስ፦ ኮንሶ ላይ አፌን አልከፍትም፣ ባርኔጣዬን ነው የማወልቀው። ያ የትውልዶች ዓይን ነው፤ የእኛ ዓይን ግን በዘመቻ ቀን መቶ ሰው አሰልፎ ይሳሳታል። ኤ ፍሬምም ጥሩ ነው፣ አልተጣላሁም። ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

የደሴዋ፦ ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግቼ ብለካስ? ያው 10 ሜትር ነው።

መልስ፦ ያው አይደለም! አግድም ነው የምንፈልገው። 1 ሜትር ብቻ ከወረደ ስህተቱ ኢምንት ነው። 5 ሜትር ከወረደ ግን 50 ፐርሰንት ትያለሽ፣ አግድሙ 8.66 ስለሆነ እውነቱ ወደ 58 ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ፐርሰንት እንዴት ነው የሚሰላው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አለ። አንብብ።

ገበሬው ልጅ፦ የአባቴ መሬት በጣም ቁልቁል ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ "በጣም" ስንት ነው?

ገበሬው ልጅ፦ 31።

መልስ፦ 31 ምን? በምን ለካኸው?

ገበሬው ልጅ፦ በስልክ። ስልኩን መሬት ላይ አስተኛሁት፣ 31 አለ።

መልስ፦ ይኸው! ስልክህ የሚያሳይህ ዲግሪ ነው፤ 31 ዲግሪ 60 ፐርሰንት ነው። ልዩነቱ የቀልድ አይደለም። በ1997 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ31 እስከ 60 ፐርሰንት የሆነ መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቀደው ጠረጴዛማ እርከን ተሠርቶ ብቻ ነበር። ከ60 በላይ ማረስ የለም፤ ዛፍ፣ ቋሚ ተክል ወይም መኖ ነው። አዋጁ በ2016 ተተክቷል፣ የአሁኑን ከመሬት አስተዳደር ጠይቅ። አንተ ግን ድንበሩ ላይ ቆመህ "31 ነው፣ ገና ነው" ልትል ነበር። ስልኩ ያረፈባት አንዲት ጓል ደግሞ ማሳው አይደለችም። ነገ ሲባጎ ይዘህ ውጣ፣ ሦስት አራት ቦታ ለካ።

ገበሬው ልጅ፦ እሺ ጋሼ። ሲባጎው ስንት ሜትር ይሁን?

መልስ፦ ከላይ አለ አልኩ።