ሶፍትዌሩ ይቆይና መጀመሪያ ኬዙን ይጻፉ

የሕክምና፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪዎችን አንድ ላይ በቨርቹዋል ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ላይ በሚደረግ የማስመሰል ልምምድ) የቡድን ሥራ ለማስተማር የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ብለው ጠይቀዋል። እኔም ይህንኑ ነው የማስተምረው። ከሶፍትዌሩ በፊት ግን ኬዙ ላይ፣ ማለትም ተማሪዎቹ በሚለማመዱበት የታካሚ ታሪክ ላይ፣ ጊዜ ያጥፉ።

ሁሉም ተማሪ ሁሉንም መረጃ የሚያይ ከሆነ ጎበዙ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ። ስለዚህ መረጃውን ይከፋፍሉት። ታካሚው ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ያስከተለው ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም) አለበት እንበል። የደም ግፊቱ መውረዱ በነርሷ ስክሪን ላይ ብቻ ይታይ። ከባድ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት ደግሞ የፋርማሲው ተማሪ ብቻ ይወቅ። ሐኪሙ የፔኒሲሊን ዓይነት የሆነውን አምፒሲሊን ሲያዝ ያኔ አንድ ሰው «ቆይ፣ ይሄ አይሆንም» ማለት አለበት።

ብዙ ጊዜ ታዲያ አይልም። መልሱን ጠንቅቆ እያወቀ ዝም ይላል። ሐኪም ያዘዘውን መቃወም ድፍረት ይመስለዋል። የቡድን ሥራ ትምህርት ዋናው ጉዳይ ለእኔ ይሄ ዝምታ ነው። እውነተኛ ታካሚ ሳይጎዳ ስክሪን ላይ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

አስቀድመው የሚናገሩበትን መንገድ ይስጧቸው። በ2006 በአሜሪካ የወጣው ቲምስቴፕስ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች የቡድን ሥራ ሥልጠና ጥሩ ደንብ አለው፦ ስጋትህን ተናግረህ ካልተሰማህ፣ ድገመው። ትእዛዝ የተቀበለም መልሶ ይናገር፤ ያዘዘው ሰው ደግሞ «አዎ፣ ልክ ነው» ይበል።

ከጨረሱ በኋላ ያለው ውይይት ከሲሙሌሽኑ ቢረዝም አይቆጭዎ። ተማሪው የሚማረው እዚያ ነው። «ለምን አልተናገርክም?» ካሉት ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ትእዛዙን ስትሰማ ምን አሰብክ?» ሲሉት ግን ይከፈታል። ሐኪም የሆነውንም ይጠይቁት፤ ጓደኛው ፈርቶት እንደነበር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ያኔ ነው።

የእጅ ሥራ ከዚህ አይጠብቁ። ልቡ የቆመ ሰውን ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን በማኔኪን (በሰው አምሳያ አሻንጉሊት) እንጂ በማውስ አይለመድም። የሦስት ዲፓርትመንት ፕሮግራም አልገጥም ሲል ግን ተማሪዎቹን ካሉበት የሚያገናኘው ቨርቹዋሉ ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ለየሚናው የተለያየ መረጃ ማሳየት የሚችል፣ በድምፅ የሚያነጋግርና የሚቀዳ ይምረጡ። በጽሑፍ ብቻ የሚያገናኘውን ይተውት፤ የድምፅ መንቀጥቀጥ በጽሑፍ አይሰማም። በጀት ከሌለም በቪዲዮ ስብሰባ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የመረጃ ገጽ ለብቻው ይላኩለት፤ የታካሚውን ለውጥ እርስዎ እየተከታተሉ ይንገሯቸው።