ጎረቤት በአመለካከት ይመረጣል?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን አሉ? ምክርዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ልንወጣ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ሴት ናት፣ 11 ዓመቷ። ትንሹ ገና አንደኛ ክፍል ነው። ከተማዋን እወዳታለሁ። ብርዱም አያስፈራኝም፤ እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ያስጨነቀኝ ሰፈሩ ነው።

ሁለት ቤት አይተናል። አንዱ አዲስ የማኅበር ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። የሚሸጥ ነው፤ ከባንክ ተበድረን ልንገዛው እንችላለን። ነዋሪው አብዛኛው የተማረ ነው። ቤቱን ያሳየን ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን፤ በአገር ጉዳይ ከእኛ ጋር አንድ ልብ ነው። ደስ አለኝ።

ሁለተኛው የድሮ ሰፈር ነው፣ ኪራይ። ጎረቤቱ ድብልቅ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአገሬው ሰውም ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣውም አለ። አከራይዋ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ቡና አፍልተው ጠበቁን። አቦሉ ሳያልቅ ፖለቲካ አነሱ። የተናገሩት ሁሉ እኔ ከማምነው ተቃራኒ ነው። ልጄንም አይተው «ሱሪ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል?» አሉ። ቤቱ ግን ሰፊ ነው፤ ለትምህርት ቤትም ቅርብ ነው።

ይህን ሁሉ የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ በምንኖርበት ግቢ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንደ ቤተሰብ ነበርን። በጦርነቱ ጊዜ ተኳረፍን። መጀመሪያ ሰላምታ ቀረ። ከዚያ ልጆች አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። አባቴ ሲሞት ከግቢው የደረሱልኝ ሁለት ቤት ብቻ ናቸው። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሜልቦርን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ቤት ከመግዛቷ በፊት የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት ኢንተርኔት ላይ አይታ ነው ሰፈር የመረጠችው። «እንዳንቺ ከሚያስቡ ሰዎች ጋር ኑሪ፣ ሰላም ታገኛለሽ» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «ጎረቤት አይመረጥም፣ ይለመዳል» ይላል።

ሰፈርን በነዋሪው አመለካከት መምረጥ ነውር ነው? ደግሞስ የድሮው ሰፈር ብንገባ፣ አከራይዋ ፖለቲካ ሲያነሱ ምን ልበላቸው?

የሁለት ልጆች እናት

*

እህቴ፣

አባትሽን ነፍስ ይማር። ሐዘን ላይ ተቀምጦ በሩን እያዩ ጎረቤት መቅረቱን የመሰለ ነገር የለም። ያንን ያየ ሰው ሰፈር ሲመርጥ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፦ ነውር አይደለም። መምረጥ መብትሽ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የምትመርጪበት መለኪያ ነው።

የሰፈሮቹን ስም ከደብዳቤሽ አውጥቼዋለሁ፣ ቅር እንዳይልሽ። አንድ ሰፈር «የእነ እንትና ነው» ከተባለ ስሙ አይለቀውም። አጣዬ በ2013 እንዴት እንደተቃጠለች ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰውን በሚኖርበት ቦታ ስም መፈረጅ እዚህ ዞን ውስጥ ቀላል ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ግቢ ልመልስሽ። እነዚያ ጎረቤቶችሽ ከጦርነቱ በፊት ስለ ፖለቲካ ምን ያስቡ ነበር? በ2010 ብዙ ግቢ በአንድ ድምፅ ይናገር ነበር። ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ግቢ ለሁለት ተከፈለ። መስማማታችሁ አልጠበቀሽም ማለት ነው። የጎዳሽም ሐሳባቸው መለየቱ አይደለም፤ በሐሳብ የተለየሽ ቀን ሰላምታና ቀብር መንፈጋቸው ነው። እነዚያ የደረሱልሽ ሁለት ቤቶችስ? በሁሉም ነገር ከአንቺ ጋር ይስማሙ ነበር? እባክሽ ይህን አስቢበት።

በአገራችን የፖለቲካ አቋም ቶሎ ይገለበጣል። የባንክ ብድር ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ቤት ያሳየሽ ሰው ዛሬ በሚናገረው ተደስተሽ ብትፈርሚ፣ ብድሩን ሳትጨርሺ ሁለታችሁም ሌላ ሰው ሆናችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ።

የአክስትሽ ልጅ ያደረገችው ለአገሯ ስሜት ይሰጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ለፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ግዴታ ነው። ውጤቱም በየጣቢያው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ የአካባቢውን ሰው ዝንባሌ በደንብ ያሳያል። ግን እዚያ ሰው ሲሞት ቀብሩን የሚያሰናዳው ገንዘብ የሚከፈለው ድርጅት ነው። ጎረቤቷ ባይመጣ ልቧ ያዝናል እንጂ ሬሳው አይቀመጥም። እኛ ጋ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሌሊት አብሮ የሚያድረው ሰፈሩ ነው። አንቺ የምትመርጪው አብሮ ሐሳብ የሚጋራ ሰው ብቻ አይደለም። የሚቀብርሽን ሰው ነው የምትመርጪው። ይህን ደግሞ የምርጫ ውጤት አይነግርሽም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቶማስ ሼሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ በተከፋፈለ ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ዓይነት ሳንቲም እየደረደረ ሰፈር እንዴት እንደሚለያይ አሳየ። እያንዳንዱ ሳንቲም «ጎረቤቶቼ ሁሉ እኔን ይምሰሉ» አይልም። ሲሶው ያህል ቢመስለው ይበቃዋል። ከዚያ ካነሰ ብቻ ቦታ ይቀይራል። ማንም ማንንም አልጠላም፤ ግን አንዱ ሲነሳ የሌላው ጎረቤት ይጓደላል፣ እሱም ይነሳል። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ለሁለት ይለያል። እኔ ይህን ሳስብ ደብረ ብርሃን ትታየኛለች። አሁን ከየአቅጣጫው ሰው እየገባባት ነው፤ ፋብሪካ የጠራውም ጥቃት ያፈናቀለውም። ሁሉም እንደ አንቺ በቅን ልብ «የሚመስለኝን ልፈልግ» ቢል፣ ልጆችሽ የሚያድጉበት ከተማ እንደዚያ ሰሌዳ ይሆናል።

ደግሞ ሸዋ ለመለያየት አዲስ አይደለም፤ ተለያይቶ አብሮ ለመኖርም አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ላይ ትልቅ ገበያ ነበር። ዓርብ ይቆማል። ደገኛው ክርስቲያን፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ እዚያ ይገናኛል፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይለዋወጣል። በእምነት አንድ አልነበሩም። በፖለቲካማ ጭራሽ። ያገናኛቸው ሁሉም የሚያከብረው የገበያ ሥርዓት ነው። የምትፈልጊው ሰፈርም እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ይሁን።

እንዴት ታውቂዋለሽ? ከእድሩ ጀምሪ። ባለቤትሽን ይዘሽ የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አነጋግሪ። መተዳደሪያ ደንቡን አሳዩኝ በይ። ተከራይ ይገባል ወይ? ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ እድር ናቸው ወይ? ከሆኑ ለሐዘን የሚቀርበው ምግብ ለየብቻ ይሰናዳል ወይ? ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሰፈር የተለየ ሰውን ለማስተናገድ ተለማምዷል።

ከዚያ ከሁሉ የሚበልጠውን ጠይቂ፦ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ሰው ሲሞትባቸው ማን ቀበረላቸው? አዲስ የመጣ ሰው፣ መዋጮ እንኳ በወጉ ያልከፈለ ሰው፣ ሲሞት ሰፈሩ ምን እንዳደረገ ካወቅሽ ስለዚያ ሰፈር ብዙ አወቅሽ። ሁለተኛም አለ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ደብረ ብርሃን ሲጨናነቅ፣ በጥርጣሬ የሚታይ ጎረቤት የነበራቸው ሰዎች ምን አደረጉ? ጠበቁት ወይስ ጠቆሙት? ይህን በቀጥታ አትጠይቂ፤ ሰው ይሸማቀቃል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ጉሊት ስትገዢ፣ ባለሱቁ ጋ ቆም ስትይ ወሬው ራሱ ይመጣል። ያኔ አድምጪ።

አዲሱ ሰፈርም በዚሁ ይፈተን። የተማረ ሰው መብዛቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። እድር አቋቁመዋል? አጥር ለአጥር ያሉት ሰዎች ስም ለስም ይተዋወቃሉ? ጥበቃው ቢታመም ማን ሐኪም ቤት ወሰደው? እነዚህን ጠይቂ። ጥሩ መልስ ካገኘሽ ጥሩ ሰፈር ነው፤ ግዢው።

የማትደራደሪባቸው ነገሮች እንዳሉም ልንገርሽ። ስለ ሌላ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሲወራ «ይውጡልን»፣ «ያገኙታል» የሚል ንግግር የተለመደበት፣ አዋቂውም ዝም የሚልበት ቦታ ካየሽ፣ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆን እንኳ አትግቢ። ያ አመለካከት አይደለም፣ አደጋ ነው። አንቺን የሚደግፉ ሰዎች ቢናገሩትም ያው ነው። ይህን የምለው ብዙዎቻችን የራሳችን ወገን ሲዝት አይሰማንም ብዬ ስለምፈራ ነው።

የልጅሽን ነገር በቀላሉ አላየውም። እናት ስለሆንሽ ልክ ነሽ። ግን የአንዲት ሴትዮ አስተያየት ከሰፈሩ ልማድ ይለያል። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በድሮው ሰፈር በእግርሽ ዙሪ። ሴት ልጆች ደጅ ይጫወታሉ ወይ? ደብተር ይዘው በቡድን ሲሄዱ ታያለሽ? ወይስ ወንዶቹ ኳስ ላይ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ላይ ናቸው? ሴት ልጅ ከደጅ የጠፋችበት ሰፈር ከሆነ ስጋትሽ በቂ ምክንያት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ይቅርብሽ። ልጆቹ ደጅ ካሉ ግን ስለ ሱሪ የሚሰነዘር አንድ ቃል ልጅሽን አያሳድዳትም። አንቺ ቤት ውስጥ የምትነግሪያት ይበልጣል።

እኔን ብትጠይቂኝ የድሮውን ሰፈር መጀመሪያ ተከራዪ፤ በእርግጥ እድሩ ጥሩ መልስ ከሰጠሽ። ለአንድ ዓመት ያህል ኑሩበት። ክረምቱን እዩ፣ አንድ ፋሲካና አንድ ኢድ ይለፍ፣ ሰርግም ሐዘንም ይድረስ። ከተማዋን ከውስጥ ታውቂያታለሽ። ብድሩን ከዚያ በኋላ ብትገቢበት ምንም አያመልጥሽም። ከተከራየሽበት መውጣት ይቻላል፤ ከተበደርሽበት መውጣት ግን ከባድ ነው።

ስለ አከራይዋ ላልሽው፦ ቡና አፍልተው መጠበቃቸውን አትርሺ። የማያውቁትን ሰው በዚያ መልክ የተቀበሉ ናቸው። ፖለቲካ ሲያነሱ ለማሸነፍ አትከራከሪ፤ ዝም ብለሽም አትስሚ፣ የተስማማሽ ይመስላቸዋል። «እማማ፣ እኔ እንደዚያ አላምንም፤ ግን እርስዎ እንዴት እንዲህ ሊያስቡ እንደቻሉ ይንገሩኝ» በያቸው። የኖሩትን ሲያወሩ ወንድም ያጡ፣ መሬት የተወሰደባቸው፣ ልጅ የታሰረባቸው ሆነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ። የነገሩሽን ባትቀበዪም ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ልጆች ባሉበት ከሆነ ግን በግልጽ «ይህን ልጆቹ ሲተኙ እናውራው» ብለሽ አቁሚያቸው። ይህን ሰምተው ካከበሩልሽ ከእሳቸው ጋር መኖር ትችያለሽ። ደጋግመሽ ነግረሻቸውም ካልተዉ፣ ኪራዩን ጨርሰሽ ሌላ ቤት ፈልጊ።