ኑሯችሁን በአዲስ አበባ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በማኅበራዊ ሠራተኛነት ባሳለፍኩት ዘመን፣ ከየክልሉ መጥተው አዲስ አበባ የሚገቡ ወጣቶች በመጀመሪያ የሚጠጉት ወደ ዘመድ፣ ወደ አገር ልጅ ወይም ወደ እምነት ቤታቸው መሆኑን ሳይ ኖሬያለሁ። ሥራ የሚጠቁማችሁም ሆነ ዋስ የሚሆናችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ስለሆነ፣ ይህን አልነቅፍም። የምሰጋላችሁ ግን ከዚያ ክበብ ሳትወጡ ዓመታት እንዳይነጉዱባችሁ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 32 በፈለጉበት የመኖር መብትን ያረጋግጥላችኋል፤ ጉርብትናን ግን ሕግ አያመጣውም። መርካቶ ውስጥ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተቀራርበው ቆመዋል፤ በዙሪያቸው ያሉት ነጋዴዎችም እምነታቸው ሳይገድባቸው በቃል ብቻ ዱቤ ይሰጣጣሉ፣ አንድ ዕቁብ ይጥላሉ።

ከሁሉ በላይ ዕድር ግቡ እላችኋለሁ። በአንድ እምነት ወይም በአንድ አካባቢ ተወላጆች ብቻ የተቋቋሙ ዕድሮች ቢኖሩም፣ የሰፈሩ ዕድር ጎረቤትን ሁሉ የሚያቅፈው ነው። በሙስሊም ጎረቤት ቤት ሞት ሲደርስ ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ስለሚፈጸም፣ ክርስቲያኑ የዕድር አባል ሥራውን ጥሎ ይደርሳል፤ በክርስቲያኑ ቤት ሲሆን ደግሞ ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል፣ ከሐዘንተኞቹም ጋር ይቀመጣል። ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ በጉን በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱና ሳህኑም ለብቻ ይዘጋጃል፤ ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንደዚሁ ያደርጋል። አብሮ ለመብላት የግድ ከአንድ ድስት መጨለፍ እንደማያስፈልግ ይህች ከተማ ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ እኔ በዚህ እጅግ እኮራለሁ።

የቀድሞዎቹ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ዕድሮቹም አብረው ተበትነዋል። ተከራይ ደግሞ ነገ ቤት እለቅቃለሁ ብሎ ስለሚያስብ፣ የመግቢያ ክፍያውም ስለሚከብደው፣ ከአባልነት ይሸሻል። አቅማችሁ ካልፈቀደ ሙሉ አባል ሳትሆኑም መቃብር ድረስ መሸኘት፣ ወንበር መደርደር፣ ውኃ መቅዳት ትችላላችሁ። ከኤርትራ ወይም ከሶማሊያ ተሰዶ የመጣ ጎረቤት ካላችሁ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ከእናንተ ይልቅ ወገን የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያስቆጣ ወሬ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ለሌላ ከማጋራታችሁ በፊት የዚያ እምነት ተከታይ የሆነውን ጎረቤታችሁን አንኳኩታችሁ ጠይቁት። ይህን ማድረግ የምትችሉት ግን አስቀድማችሁ ስሙን ካወቃችሁ፣ ቤቱም ገብታችሁ ቡናውን ከጠጣችሁ ነው።